የዜሮው ጫፍ

ኮሌጁ ገንዘብ አልነበረውም፤ መሬት ግን ነበረው። ገንዘብ ያጣ ባለመሬት መጨረሻው የታወቀ ነው፤ ይሸጣል። ዲኑ ይህን ቃል ከአፉ ለማውጣት ሁለት ዓመት አንገራገረ። በሦስተኛው ዓመት ሴቶቹ ተማሪዎች በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት ሆነው ማደር ሲጀምሩ ግን ከከተማ ቀያሽ አስጠራ። ከኮሌጁ በታች ያለውን ሜዳ ለአርባ ቦታ ሊከፋፍለው፣ አርባ ቤት ሊሠራበት፣ ቤቶቹን ለመምህራንና ለጡረተኞች ሸጦ በሚያተርፈው የሴቶች መኝታ ቤትና ሁለት ወርክሾፕ ሊገነባ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነበር። ክፉ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ቀያሿ እምቢ የምትልበት ሰበብ ታገኝ ነበር።

ቀያሿ ሰኞ ጠዋት መጣች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራ የምትቆረጥ፣ ቃል የምትቆጥብ፣ በሙያዋ ግን አንቱ የተባለች ሴት ናት። ቅየሳ የተማረችው እዚሁ ኮሌጅ ነው፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ተመርቃ ከወጣች ወዲህ ግን ደጃፉን ረግጣው አታውቅም። ይህን ሥራ ላለመቀበልም ሦስት ሰበብ ፈጥራ ነበር። አለቃዋ ሦስቱንም አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ሜዳውን ከአንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?» አላት። ሰውየው ሳያውቅ እውነቱን ተናግሮ ነበርና መሣሪያዋን ጫነች።

ዲኑ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት። ከእሷ ሁለት ዓመት ዘግይቶ እዚያው የተማረ፣ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ አሮጌ ፕላን አወረደና አቧራውን በክንዱ ጠርጎ ሰጣት።

«እስቲ እይው፤ ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች እንጂ። የታችኛው ሜዳ ፕላን ነው፤ ከግርጌው የእሷ ፊርማ አለ፣ ከጎኑም ዜሮ የምትባል የጓደኛዋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያ ወረቀት ዲኖች ሲሾሙና ሲሻሩ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቋታል። ሁለቱ ፊርማዎች በአንድ እጅ የተፈረሙ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም አሁን ፕላኑን ይዛ ቆማለች።

«ሌላኛዋ» አለ ዲኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺ ራሷን ጉድጓድ ውስጥ የጣለችው ልጅ ናት አሉ። እኔ ስገባ ወሬው ገና ትኩስ ነበር።»

«አዎ፣ እሷ ናት» አለች ቀያሿ።

ዜሮ የልጅቷ ስም አልነበረም። ቅየሳ ሲማሩ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሠራው። አንዱ የመለኪያውን ሜትር ጥቅል ይዞ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ይዘረጋል፣ ቁጥሩንም ያነባል። ሌላው ዜሮ የተጻፈበትን ጫፍ ከችካሉ ጋር አጋጥሞ ይይዛል። ማንበብ ደስ ይላል፤ ዜሮ መያዝ ግን ወገብ ያጎብጣል፣ ክብርም የለውም። ሁሉም ሲሸሸው አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ፣ «ስጡኝ፣ እኔ ልያዝ። ዜሮው ከተንቀሳቀሰ የቀረው ሁሉ ውሸት ነው» ትል ነበር። በዚያው ስሟ ዜሮ ሆኖ ቀረ። ነፋስ ሲበረታና ድምፅ አልሰማ ሲል ደግሞ ጥንዶቹ አይጮሁም ነበር። አንባቢዋ ሜትሩን አንድ ጊዜ ሳብ አድርጋ ለቀቅ ታደርጋለች፤ «ያዝሽ?» ማለት ነው። ያዥዋም እንደዚያው አንዴ ሳብ ታደርጋለች፤ «ይዣለሁ» ማለት ነው።

«ሜትር የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለች ቀያሿ ለዲኑ። «ሰፊውን በመሣሪያ አነሣዋለሁ፤ የየቦታውን ጥግ ግን በሜትር ካላረጋገጥኩ አላምንም።»

«ሁሉም ፈተና ላይ ነው። እማማ ቁልፍ ይያዙልሽ። እርጅናቸውን አይተሽ እንዳትንቂያቸው፣ እኛን ሁሉ ይቀብሩናል።»

እማማ ቁልፍ የሴቶቹን መኝታ ቤት የሚያጸዱ፣ የክፍሎቹን ቁልፍ ሁሉ በወገባቸው ታጥቀው የሚዞሩ አሮጊት ናቸው። ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። የቁልፉ ድምፅ እየቀረበ መጥቶ በሩ ሲከፈት ቀያሿ ቀና አለች። የዜሮ እናት ናቸው። ልጃቸው በሞተች በዓመቱ ወደ ኮሌጁ መጥተው ሥራ ለመኑ፣ የዚያን ጊዜውም ዲን አዝኖ ቀጠራቸው። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ያደረችበትን ክፍል እየጠረጉ ይኖራሉ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወረዱ። ሳሩ ጉልበት ይደርሳል። እማማ ቁልፍ ማንም ሳያሳያቸው የሜትሩን ጫፍ ከችካሉ ሚስማር ጋር አጋጠሙት።

«ለምደውታል» አለች ቀያሿ።

«ልጄ ናት ያስለመደችኝ። ለእረፍት ስትመጣ ገመድ ላይ ቋጠሮ ትቋጥርና ቤቱን ለካነው፣ አጥሩን ለካነው። የሚለካ ነገር ሲጠፋ ጎረቤታችንን አቁመን ለካነው! ነኝ ካለው አራት ጣት አጥሮ ተገኘ። እስኪሞት አኩርፎን ነው የኖረው።» ሳቁ፤ ቁልፎቹም አብረዋቸው ሳቁ። ቀያሿ አቀርቅራ ማስታወሻዋ ላይ ቁጥሩን ጻፈች።

ማክሰኞ የምሥራቁን ጠርዝ ለኩ። ፕላኑ አርባ ስድስት ሜትር ከአርባ ይላል። እሷ ያነበበችው አርባ አራት ከሠላሳ ነው። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቱንም ጊዜ አርባ አራት ከሠላሳ። ሌላ ቀያሽ ቢሆን ጭንቅላቱን ያክክ ነበር። እሷ ግን አርባ ስድስት ከአርባው ከየት እንደመጣ ታውቃለች።

በአራተኛው ላይ ግን የማታውቀው ነገር መጣ። ጥቅሉን ይዛ እንደቆመች ሜትሩ እጇ ላይ ቀስ ብሎ ተወጠረ። ሰው ሲይዘው እንደሚወጠረው፣ ልክ በመጠኑ። የወዲያኛው ጫፍ ሳር ውስጥ ነውና አይታይም። ከዚያ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገና ለቀቀ።

«እማማ፣ ያዙት እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«ኧረ ገና ነኝ ልጄ፤ ውኃ ልጠጣ ሄጄ ነው!» የሚል ድምፅ ከጀርባዋ፣ ከመንገዱ በኩል መጣ፤ የቁልፉ ድምፅም ተከተለው። ሜትሩ ወዲያው ረገበ።

ሳር ይዞት ይሆናል አለች ለራሷ። ሃያ ዓመት ሜዳ ላይ የኖረች ሴት ሳር ሜትር እንደማይወጥር ልቧ ያውቀዋል። የፈራ ሰው ግን መጀመሪያ የሚዋሸው ራሱን ነው።

ረቡዕ ዕለት የሒሳብ መምህሩና ሚስቱ ቦታቸውን ሊያዩ መጡ። ቁጥር አሥራ ሰባትን ነው የመረጡት። ከምሥራቁ ጠርዝ ላይ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ወንዙንም ያሳያል። አራት ልጆች ይዘው በአንዲት ክፍል ከሚኖሩበት የኪራይ ቤት ሊወጡ ነውና ፊታቸው ፈክቷል። የሚጨቃጨቁት ስለ ማድ ቤቱ ብቻ ነበር።

«እዚህ ይሁን» ትላለች ሚስቲቱ፣ ሳሩ ከሌላው በተለየ ለምልሞ መሬቱም ትንሽ ሰርጎድ ያለበት ላይ ቆማ። «አፈሩ እንዴት ለስላሳ ነው! እግሬ እኮ ሰመጠ፤ መሠረት ለመቆፈር አያስቸግርም።»

«ማድ ቤት ከመንገድ ፊት ለፊት ይሠራል እንዴ?» ይላል ባል።

«ሳበስል ሰው ልይበት እንጂ! ግድግዳ ሳይ ልኑር?»

ቀያሿ ማስታወሻዋን እንደያዘች የሴትየዋን እግር ትመለከት ነበር። 

ለምሳ ጥላ ሥር ሲቀመጡ እማማ ቁልፍ ዳቦ ቆርሰው ሰጧትና ትክ ብለው አዩዋት።

«ፀጉረ ረጅሟ አንቺ ነሽ አይደል? የልጄ ጓደኛ።»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ሰኞ ነው ያወቅኩሽ። እስክትነግሪኝ ብዬ ዝም አልኩ። እንዲያ ያለ ፀጉር ምን በደለሽና ቆረጥሽው?»

ቀያሿ ዳቦውን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽና አትደብቂኝ» አሉ አሮጊቷ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር ሁሉ ያወራውን እኔ የሰማሁት ኋላ ነው። ፈተና ወድቃ ነው አሉ። አርግዛ ነው አሉ። ወንድም እህቶቼ ሳይቀሩ ‹እናቷ ብትመክራት ኖሮ› አሉኝ። እኔ ግን ያቺን ልጅ አውቃታለሁ፤ የከፋት እንደሆነ ትነግረኝ ነበር። ወይስ አላውቃትም ኖሯል? እንዲህ እያልኩ ሃያ አንድ ዓመት የእሷን ወለል ጠረግሁ። ምን ሆና ነው?»

«አላውቅም» አለች ቀያሿ።

ይህን ቃል ስትናገረው ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ነበር።

የቅየሳ መምህሩ በየዓመቱ ያንኑ ሜዳ ያስለካ ነበርና ተማሪው ብልጥ ሆኖ ነበር። ፀሐይ ላይ ከመንከራተት ካለፈው ዓመት ፕላን መቅዳት ይቀላል። ያለፈውም የቀዳው ካቻምና ካለው ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን ተሳስቶ የጻፈው አርባ ስድስት ከአርባ ከእጅ ወደ እጅ እየተወረሰ ኖረ። ቀያሿም የምሥራቁን ጠርዝ ሳትረግጠው ቀዳችው። በዚያ ዓመት ግን ውኃ ፈላጊዎች እዚያ ጠርዝ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ውኃ ሲያጡ ቆርቆሮ ጥለውበት ሄደው ነበር። ቆርቆሮውን ሳር ዋጠው። ፕላን ላይ ለሚለካ ሰው ጉድጓዱ የለም።

ቅዳሜ በእኩለ ቀን ዜሮ መጣች። ቀያሿ ያን ጊዜ ፀጉሯን ታጥባ መኝታ ቤቱ ደጅ ፀሐይ ላይ ዘርግታው ነበር።

«ፕላናችን አልገጠመም» አለች ዜሮ። «መጀመሪያው መስመርና መጨረሻው ሁለት ሜትር ያህል ተራርቀዋል። ምሥራቁ ውሸት ነው። ተነሽ፣ ጫፉን ያዥልኝና እንለካው።»

«ፀጉሬ አልደረቀም።»

«ብቻዬን እንዴት አድርጌ?»

«ከችካሉ ጋር እሰሪው።»

ያለችው ይህንን ነው። ዜሮ ሳቀች፣ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋም ወረደች።

ሊመሽ ሲል ቀያሿ ልትፈልጋት ሄደች። ሜትሩ ከችካሉ ጋር ታስሮ፣ ሳሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ፣ ከተሰበረው ቆርቆሮ ሥር ይገባል። ሰው ከችካል ጋር ያሰረውን ሜትር ሲዘረጋ ዓይኑ ችካሉ ላይ ነው፤ የሚሄደውም ወደ ኋላ ነው። ቀያሿ ተጣራች። መልስ የለም። ልማድ ክፉ ነውና በዚያች ሰዓት እንኳ ዓይኗ ቁጥር አነበበ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሠላሳ አንድ ሜትር ከሃያ ይላል። ከዚያ በኋላ ያሰበችው ስለ ዜሮ አልነበረም። ሜትሩ ከተገኘ ለምን ሄደች ይባላል፤ ለምን ሄደች ከተባለ መቅዳታቸው ይወጣል፤ መቅዳታቸው ከወጣ ዲፕሎማ የለም። ጫፉን ከችካሉ ፈትታ ሜትሩን ከጉድጓዱ ሳበችው።

ሜትሩ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገና ለቀቀ።

ድንጋይ ነው አለች። ሳበችው፤ ጥቅሉ ወጣ። ጠራርጋ ዕቃ ቤት መለሰችውና ያን ጊዜ ነው ጮኻ ሰው የጠራችው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰዎቹ በገመድ ሲያወጧት አልቆላት ነበር። «ምን ልትሠራ ወረደች?» ሲሏት፣ «አላውቅም» አለች። የዚያች ቃል ጉድጓድ ከውኃ ፈላጊዎቹም ጠለቀ። ፕላኑንም ያልገጠመውን በእርሳስ አገጣጥማ፣ የዜሮን ፊርማ አስመስላ ፈርማ አስረከበችው።

ረቡዕ ከሰዓት ዲኑ አንድ ወረቀት ሰጣት። «በቦታው ላይ ጉድጓድም ሆነ የተደፈነ ባዶ ሥፍራ አለመኖሩን አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ዓርብ ቦርዱ ይሰበሰባል። ፈርሚልኝና እንገላገል።»

«የዚያች ልጅ ጉድጓድስ? በአፈር ነው የተደፈነው፤ አፈር ይሰምጣል።»

«የት እንደነበር ማን ያውቃል? አንዱ ዛፉ ሥር ይለኛል፣ አንዱ ወንዙ ዳር ይለኛል። ፕላንሽ ላይ የለም!» ሳቁ ጠፋና ፊቱ ላይ ድካም ታየ። «እህቴ፣ ካለ ከነ ዙሪያው ሦስት ቦታ ይነሣብኛል። የመኝታ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ቀረ ማለት ነው። ሃምሳ ልጆች ናቸው። ጉድጓዱ የነበረበትን ታውቂዋለሽ እንዴ?»

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ማወቅ ታውቃለች፤ እስከ ሳንቲ ሜትሩ። ግን ሠላሳ አንድ ከሃያ ብሎ ለሚጠራ ሰው ቀጣዩ ጥያቄ አንድ ነው፤ በምን አወቅሽ?

ሐሙስ ጠዋት ወደ ምሥራቁ ጠርዝ ሄደች። «ጫፉን ያዙልኝ፣ እማማ» አለች።  ጥቅሉን ይዛ፣ ወደ ኋላ ሳይሆን ፊቷን ወደምትሄድበት አዙራ ተራመደች። ሠላሳ አንድ ከሃያ ላይ ቆመች። የሚስቲቱ ማድ ቤት መሐል ነው። ችካሉን ስትመታው ያለ ምንም ድካም እስከ አናቱ ገባ። ሦስት ቦታ ከፕላኑ ወጣ፤ ሁለተኛው ፎቅም አብሮ።

እማማ ቁልፍ ጫፉን ይዘው ወደ እሷ መጡ።

«እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው።»

«ሳር የበላውን ቦታ በምን አወቅሽ?»

ነገረቻቸው። ስለ ቀዳችው ቁጥር ነገረቻቸው፣ ስለ ፀጉሯ ነገረቻቸው፣ «ከችካሉ ጋር እሰሪው» ማለቷንም፣ ሜትሩን መፍታቷንም፣ ሁለቱን ፊርማም። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ለእሷ የሚገባ አልመሰላትም። አንዲት ነገር ብቻ ሳትናገር አስቀረች።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የችካሉን አናት ዳሰሱ።

«ታዲያ አልጠላችኝም» አሉ። «ሥራ ላይ ነበረች።»

«ሥራ ላይ ነበረች፣ እማማ።»

«እኔን ብትጠራኝ እኮ እመጣ ነበር። የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ጫፉን እይዝላት ነበር።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ይቅር በይኝ እንዳትዪኝ። ዛሬ አትበዪኝ።» የሜትሩን ጫፍ እጇ ላይ አስቀመጡላት፣ ጥቅሉንም ተቀበሏት። «ሂጂ፤ ከዚያ ከመነሻው ችካል ጋር ያዢው።»

ቀያሿ ሄዳ ተንበረከከች፤ ዜሮውን ከሚስማሩ ጋር አጋጠመች። በሕይወቷ ዜሮ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው። እማማ ቁልፍም ጥቅሉን ይዘው ተከተሏት፤ ከአጠገቧም ተነሥተው ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ሳይነቅሉ፣ ሜትሩን እየዘረጉ፣ ቁልፋቸው እየተቅጨለጨለ። አሥር። ሃያ። ዞር ብለው አያዩም። ሃያ አምስት። ምድሩ የሚሰጥመው ከየት እንደሚጀምር ማንም አያውቅም።

«ይቁሙ!» ብላ ጮኸች። ድምፁ ከእሷ የወጣ አልመሰላትም። «እማማ፣ ይቁሙ!»

ቆሙ። ተረከዛቸው ጉድጓዱ ላይ ከተተከለው ችካል ሁለት ስንዝር ቢርቅ ነው።

«ልጄ ያጣችው ይህችን ቃል ነው» አሉ። ጮክ አላሉም፤ ሜዳው ጸጥ ብሎ ነበርና ተሰማ።

ከዚያ ልጃቸው እንዳስተማረቻቸው ሜትሩን ወጠሩት፣ አንድ ጊዜም ሳብ አድርገው ለቀቁት።

ያዝሽ?

ቀያሿ መዳፏን አየችው። ድንጋይ ሜትር ሲይዝ እንዴት እንደሚይዝ በሃያ ሁለት ዓመት ሺ ጊዜ አይታለች፤ ድንጋይ አንቆ ይይዛል እንጂ ሳብ አድርጎ አይለቅም። ይህን ሁልጊዜ፣ ያን ምሽት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማም፣ ታውቀው ነበር።

አንድ ጊዜ ሳብ አደረገች፤ ይዣለሁ። ከዚያም ዜሮውን ከሚስማሩ ሳታላቅቅ፣

«እማማ» አለች፣ «ያልነገርኩዎት አንድ ነገር አለ።»